ዳማዬን ሮክ ያስለመድኩበት ዓመት

የሚስቴ ወንድም የሳቀብኝ ሳቅ እስካሁን በጆሮዬ አለ። አልተውኩለትም፤ ልተውለትም አላሰብኩም።

በጥር እንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረሰኛው ሲሰበሰብ የመንደራችንን ሰልፍ ከፊት ሆኜ የምመራ እኔ ነበርኩ። ከእኔ በፊት አባቴ። የዚያን ዓመት ግን ሜዳው ዳር በቆመ አይሱዙ ላይ ድምፅ ማጉያ ደርድረው ኖሮ፣ ልክ ከጎኑ ስደርስ ለቀቁት። ፈረሴ ዳማዬ ዘለለ። እኔ በአንገቱ በኩል ወርጄ አቧራው ላይ ተዘረጋሁ። አማቼ፣ ያው የሚስቴ ወንድም፣ ከሰልፉ ጭራ፣ ጩኸቱ ከማያስደነግጥበት፣ ፈረሱን እያሰገረ መጣና ቁልቁል አየኝ።

«ጨዋ ፈረስ አለዎት እኮ! ሸክሙን አውቆ አራገፈ!»

ሜዳው ሳቀ። ሽማግሌዎቹም የፊቱን ቦታ አንስተው ለእሱ ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ቤት ያግኘኝ፣ ገበያ ያግኘኝ፣ ሰላምታው «አማቼ፣ ዛሬስ በእግርዎ ነው የመጡ?» ሆነ።

ልጄ ጫግኒ ነው የምትሠራ። ለፋሲካ መጥታ ስትመለስ ሜሞሪ የሚገባባት ትንሽ ሬዲዮ ረስታ ሄደች። ብከፍታት የፈረንጅ ጩኸት ወጣ። ደወልኩላት።

«አባዬ፣ ሮክ የሚሉት ሙዚቃ ነው። ለእርስዎ አይሆንም፣ ይዝጉት።»

«ለእኔ ማን አለሽ? ለፈረሱ ነው።»

ሳቀችብኝ። ዘፈኖቹ እየተዘበራረቁ የሚመጡት እሷ ስለቀላቀለቻቸው እንደሆነ፣ በተራ የሚያደርጋቸው ቁልፍ እንዳለ ነገረችኝ። ተይው አልኳት። ተራ ካላቸው ፈረሱ ተራውን ያጠናል። ያ አይሱዙ መች ተራ ጠበቀ?

ገብሱን ስሰጠው ሬዲዮዋን ከጋጣው ቀርከሃ ላይ አንጠለጠልኳት። የመጀመሪያው ዘፈን ከበሮው በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማለት ነው። ዳማዬ ገብሱን ደፍቶ ገመዱን ሊበጥስ ደረሰ፤ እኔም ወደ በሩ አፈገፈግሁ። ቀጥሎ የመጣው በክር ብቻ፣ ቀስ እያለ፣ አንጀት የሚበላ ነበር። ተመስገን ብለን ሁለታችንም ስንረጋጋ መሀል ላይ እንደ መጋዝ ጮኸብን። ይህን ዘፈን ጠላሁት። አባብሎ የሚመታ ሰው አልወድም። አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ የሙሾ አውራጅ ድምፅ ያላት፤ እሷ ስትመጣ ፈረሱም እኔም ጸጥ። አንዱ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ነው የሚጮህ። ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን ያ ሰው አማች አለው። የተባለው ነገር ሆዱ ውስጥ እንዳደረ ከድምፁ ያስታውቃል። እሱ ሲመጣ ሬዲዮዋን እስከ መጨረሻው ከፍ አደርግና «በለው!» እለዋለሁ።

ባለቤቴ መረራት።

«ሰይጣን ይጎትታሉ ተባልን እኮ! ሰው አጥራችንን እየሸሸ ነው የሚሄድ።»

«ይሽሽ።»

«ይህ ሁሉ ወንድሜን ለማዋረድ ነው?»

«አዎ» አልኳት። መዋሸት አልወድም።

ክረምቱ ሲወጣ ዳማዬ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ገብሱን ይቆረጥም ጀመር። ዘፈኑ ሲለወጥ አንድ ጆሮውን ያዞራል፣ በቃ።

ጥር ደረሰ። አማቼ ፈረሱን አዲስ ግላስ አልብሶ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከአይሱዙው ጎን ሲደርስ ማጉያውን ለቀቁት። ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ፤ አማቼ ከነጋቢው ወረደ። ከእሱ ቀጥሎ የነበሩትም ተበተኑ። ዳማዬ ጆሮውን አዞረ፤ ያችን ሴትዮ የፈለገ መሰለኝ፤ ሲያጣት መንገዱን ቀጠለ። አማቼ አጠገብ ስደርስ ልጓሙን ሳብኩ። እጄን አልዘረጋሁለትም። ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ፤ ግን የራሱን መለስኩለት።

«ጨዋ ፈረስ አለዎት፣ አማቼ።»

ሜዳው ሳቀ። እንደ ማር ጣፈጠኝ። ሽማግሌዎቹም ቦታዬን መለሱልኝ።

በሳምንቱ ባለቤቴ እየተሽኮረመመች መጣች።

«ወንድሜ ያችን ሬዲዮ ያውሱኝ ብሏል። ታረቁ እንጂ፣ ምን አለበት?»

«ታርቄያለሁ። ሬዲዮዋን ግን አላውስም።»

አማቼ ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖር። ድሮ እህቱን ሊጠይቅ በእግሩ ነበር የሚመጣ። አሁን በፈረስ ሆኗል። ቤቴ ፊት ለፊት ዛፍ እያለ ዞሮ ከጋጣዬ ግድግዳ ሥር ያስረዋል፤ ገብቶም ወሬውን ያረዝማል፣ ጆሮው ግን ውጭ ነው። እኔ ኮቴውን ስሰማ እወጣና ሬዲዮዋን እዘጋለሁ።

«ሬዲዮዋ ዛሬ አትዘፍንም እንዴ?» ይላል።

«ደክሟታል» እለዋለሁ።

ፈረሱን ፈትቶ ሲሄድ፣ ወንዙን እስኪሻገር እጠብቅና እከፍታታለሁ።