በሽንኩርት መኪና የሄድኩበት ሠርግ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በቅበላው እሑድ ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የዚያን ዕለት ደግሞ ሙሽራ ነበርኩ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እንኳ ብቻዬን እስቃለሁ።

መርሳ ላይ ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በጦርነቱ ቤታችንን ጥለን የተሰደድንበት ጊዜ መጣ። ስንመለስ ቤቱ በርና መስኮት እንኳ አልነበረውም። ብዙም ሳልቆይ ዕድሜዬ ሳይደርስ በፈቃዴ ጡረታ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ መሀል ያልተለወጠብኝ የጠዋት ጸሎቴ ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን በእንባ፣ አንዳንድ ቀን በእንቅልፍ ልብ ቢሆንም ቆሜ አደርሳለሁ።

ሙላት የወልድያ አናጢ ነው፤ በሩንና መስኮቱን ሊሠራልኝ መጣ። ሥራው በሁለት ሳምንት አለቀ። እርሱ ግን ማጠፊያው ላላ፣ መቀርቀሪያው ጠበቀ እያለ ሦስት ወር ተመላለሰ። እርሱም ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ፣ "እንግዲህ ሰበቡም አለቀብኝ። ፈቃድዎ ከሆነ በቁርባን እንጋባ" አለኝ።

ሁለታችንም ንስሐ ገባን፣ ወልድያ የምንቆርብበት ቀንም ተቆረጠ። ከቅዳሴው መጀመሪያ ያልደረሰ ሰው አይቆርብም። ያ እሑድ ካለፈን ደግሞ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ነው።

ሊነጋጋ ሲል ከልጄ ከሰብለ ጋር በኮንትራት ሚኒባስ ከመርሳ ተነሣን። ሲሪንቃ ሳንደርስ ጎማው ፈነዳ። ተለዋጩ ጎማም አየር የለውም። ሹፌሩ ጎማውን ዞሮ ዞሮ ያየዋል። ሰብለ የምታውቀው ሰው ሁሉ ጋ ደወለች፣ የሚያነሳ የለም።

"እማዬ፣ ምናልባት እግዚአብሔር አልፈቀደው ይሆን?" አለችኝ።

እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ አስፋልቱ ዳር የለመድኩትን ጸሎት ጀመርኩ። ተአምር አልጠየቅኩም። ስጨርስ ግን ልቤ ረግቶ አገኘሁት።

"ካልሆነ ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን" አልኳት። "እግዚአብሔር የትም አይሄድ፣ ጋሽ ሙላትም የትም አይሄዱ።"

ጥቂት ቆይቶ ግራና ከሚባለው አገር ሽንኩርት የጫነች ፒካፕ አጠገባችን ቆመች። የሚነዳት ሰይድ የሚባል ገበሬ ነው። ጋቢናው ውስጥ ሕፃን የታቀፈች ሚስቱና አሮጊት እናቱ እመት ከድጃ ስለተቀመጡ ቦታ የለም።

"ወዴት ናችሁ በማለዳው?" አለ ሰይድ።

"ሙሽራ ይዤ ወልድያ ለቅዳሴ ልደርስ ነው" አለች ሰብለ።

ሰይድ ከኋላዬ አየት አየት አደረገና፣ "ሙሽራዋ የታለች?" አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

እመት ከድጃ በመስኮቱ ብቅ ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ማሻአላህ" አሉ። "አላህ በዚህ ዕድሜ ባል ከሰጠሽ ምን ያስቆምሻል? ላዩ ላይ ውጪ የኔ ልጅ።" ጋቢያቸውን ገፈው ጆንያው ላይ እንዳነጥፈው ሰጡኝ።

ሰይድም፣ "አብሽሩ፣ አንቱን ሳናደርስ ሽንኩርቱ አይራገፍም" አለኝ።

እርሱና የሚኒባሱ ሹፌር ከታች እየገፉ፣ ሰብለ ከላይ እየጎተተች እንደ ዕቃ ጫኑኝ። ነጭ ቀሚሴን ሰብስቤ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። መኪናው ሲነሣ ነፋሱ ነጠላዬን ወሰደው፤ ሰብለ በጫፉ ያዘችው። ያኔ ሳቅ ጀመረን። ማቆም አቃተን። ከሥራችን የተጨፈለቀ ሽንኩርት ነበርና ዓይናችን ይለበለባል፣ እኛ እንስቃለን።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ቅዳሴው ሊገባ ነው። ሙላት ነጭ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኔ ቀልቶ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ከሽንኩርት መኪና ላይ ስወርድ አየኝ። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ተጸጽተው ከሆነ ግድ የለም፣ ይንገሩኝ" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ሽንኩርት ነው" አልኩት።

አላመነኝም። እመት ከድጃ ከጋቢናው ሆነው፣ "ሽንኩርት ነው አለችህ እኮ፣ ግባ" አሉት።

ገባን፤ ጸሎቱ ተደረሰልን፣ አብረን ቆረብን። ከቅዳሴ ስንወጣ ሰይድ ጭነቱን አራግፎ ቤተሰቡን ይዞ ተመልሶ ነበር። የመጀመሪያውን እልልታ ያሰሙት እመት ከድጃ ናቸው። የኛን ሥጋ ስለማይበሉ ዳቦና ለስላሳ አቀረብንላቸው፤ እስከ ከሰዓት ድረስ ሲያስቁን ዋሉ።

አሁን ወልድያ ነው የምኖረው። ቤቱም ሰፈሩም አዲስ ነው፤ አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነቃ የት እንዳለሁ ግራ ይገባኛል። ተነሥቼ ለጸሎት ስቆም ግን እዚያው የማውቀው ቦታ ላይ ነኝ። ችግሩ ሙላት አጠገቤ ሲቆም የዚያን ቀን ፊቱ ትዝ ይለኝና ሳቄ ያመልጠኛል። እርሱ አይቆጣም። ሳቄን እስክጨርስ ይጠብቀኝና "በስመ አብ" ብለን እንደገና እንጀምራለን።