ሻምፑ ይዤ ዩኒቨርሲቲ የሄድኩበት ማክሰኞ

ለቤርሼባ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ! የሀብታሞቹ መንደር ዖሜር ውስጥ በግል ቤት የምትኖሩም ብትሆኑ ጆሯችሁን ስጡኝ። ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍቱ በተበላሸበት ሕንፃ ውስጥ፣ ባለቤት ያጣ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ሻምፑ ይገኛል። ከነፎጣው። እኔ ራሰ በራ ስለሆንኩ ምንም ላደርግበት አልችልም...

ነገሩ እንዲህ ነው።

የልጅ ልጄ ታማር እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ነርስነት ትማራለች። ማደሪያዋም እዚያው ነው። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ክፍል ስለሌላት ምሳ የምትበላው እኔ ዘንድ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ፣ ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ ሳንጨምር፣ በሬን የምታንኳኳ እሷ ብቻ ናት። ጠዋት ተነስቼ ምስር እሠራለሁ። ሆን ብዬ ጨው አበዛለሁ። እሷ ታማርራለች፣ እኔ ደስ ይለኛል።

አንድ ሰኞ ደወለች።

«አባባ፣ ነገ አልመጣም። ሐፊፋ አለብኝ።»

ዕብራይስጥ ለማታውቁ፣ ሐፊፋ ማለት ጸጉር መታጠብ ነው። ጸጉር ቤት ገብታችሁ አንገታችሁን ገንዳው ላይ አስደግፋችሁ... እሱ ነው።

«ለጸጉር ብለሽ ከምሳ ትቀሪያለሽ? እኔ ቤት ውኃ ተቋርጧል ያለሽ ማን ነው?» አልኳት።

የምቀልድ መስሏት ሳቀች። «በሴደር፣ እሺ አባባ፣ በሚቀጥለው እመጣለሁ» ብላ ዘጋች።

የሚቀጥለው ደረሰ። ሐፊፋ። ከዚያ የሚቀጥለውም... ሐፊፋ።

«ይቺ ልጅ በዚህ ዓይነት ጸጉሯን ልትጨርሰው ነው» አልኩ ለራሴ። ለሌላ ለማን ልበል? የማክሰኞውን ምስር ረቡዕም በላሁት፣ ሐሙስም በላሁት። ለሁለት ሰው መሥራት የለመደ እጅ ለአንድ መመጠን አይሆንለትም። ሬዲዮኑን «ጨው በዝቷል እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ ነገ ነፋስ አለ አለኝ።

በመጨረሻ አንዱን ማክሰኞ ከታች ሱቅ ትልቁን ሻምፑ ገዛሁ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁና አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የእኛው አገር ልጅ ነው።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«የልጅ ልጄ ጸጉሯን እየታጠበች ነው። ላቀብላት።»

ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተው። ሥራው ነው። «ጥሩ ይሸታል፣ ይግቡ» ብሎ ነርሶቹ የሚማሩበትን ሕንፃ አሳየኝ።

ብዙም ሳልቆም ታማር ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ከአንዲት መነጽር ካደረገች ልጅ ጋር ለእረፍት ወጣች።

«ጸጉርሽ ደረቅ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«አባባ! አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ታማር ስታድግ የደረሳት «አንተ» ብቻ ነው። ጓደኛዋ የሆንኩ ስለሚመስለኝ አላርማትም።

ሻምፑውን አሳየኋት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግድግዳውን ደገፍ ብላ እንባዋ እስኪወጣ ሳቀች።

«አባባ፣ ሐፊፋ እኮ ጸጉር ብቻ አይደለም! ሁለት ነገር በተመሳሳይ ሰዓት ሲጋጭብህም ሐፊፋ ነው።»

የተጋጨባትን አስረዳችኝ። ሴት ተማሪዎቹ የእህቶች ማኅበር የሚሉት ነገር አላቸው። በየዓመቱ አዲስ እህት ይመርጣሉ። እኛ አገር እህት ትወለዳለች እንጂ አትመረጥም፣ እዚህ ግን በስብሰባ ነው። ከስብሰባ የቀረች ትሰረዛለች። ስብሰባው ደግሞ እሑድ፣ እዚህ የሥራ ቀን ነው፣ ልክ የላቦራቶሪ ትምህርቷ ላይ ወደቀ።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ላቦራቶሪውን ወደ ሌላ ቀን አዛወርኩት።»

«ወደ መቼ?»

የጋውኗን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገች።

«ወደ ማክሰኞ።»

ባለመነጽሯ ልጅ በደግነት ጣልቃ ገባች፦ «ሁሉም ነገር ተስተካክሎላታል እኮ! አሁን ምንም የሚጋጭባት የለም።»

ምንም። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩ።

እውነቷን ነው። ከላቦራቶሪው ብትቀር ይጥሏታል። ከእህቶቹ ብትቀር ይሰርዟታል። ከአያቷ ብትቀር «እሺ ልጄ» ነው የምትባለው። እኔም እሷን ብሆን የማዛውረው እኔን ነበር።

ግን እንዲሁ አልሄድም አልኩ።

«ስሚ፣ እኔም ማኅበር አቁሜአለሁ። የአያቶች ማኅበር። ሊቀ መንበሩ እኔ፣ አባሉ እኔ። ከምሳ የቀረች የልጅ ልጅ ትሰረዛለች።»

ባለመነጽሯ ሳቀች። ታማር አልሳቀችም።

«እኔ ተሰርዣለሁ?»

«ይግባኝ ማለት ይቻላል። ግን በስልክ አይሆንም፣ በአካል ነው።»

ፎጣውን ከትከሻዬ አንስታ በሥርዓት አጣጠፈችና መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች... ከውስጥ ጠሯት። ጉንጬን ስማኝ ሮጠች። ሻምፑው እኔው ጋ ቀረ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጠርሙሱን አየች፣ መላጣዬን አየች፣ ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

እንግዲህ ያመሌን አንድ ነገር ፈጥሬ ጨምሬበታለሁ፣ ልናዘዝ። ጡረታ እስክወጣ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር በፈረቃ ነው የሠራሁት። የሌሊቱ ፈረቃ ሳይወጣ የጠዋቱ ሲገባ፣ ሁለቱ የሚደራረቡባትን ጥቂት ጊዜ አለቃችን ምን ይላት ነበር መሰላችሁ? ሐፊፋ። ታማር ምን ማለቷ እንደሆነ ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ አውቄአለሁ። አላወቅሁም ያልኩት ውሸት ነው። ሽማግሌ ግን «ናፈቅሽኝ» ብሎ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ከሚቆም፣ ሻምፑ ይዞ ቢቆም ይቀለዋል።

ታማር አማርኛ ማንበብ አትችልም፣ አደራ እንዳትነግሯት። አልችልም፣ እነግራታለሁ የሚል ካለ ደግሞ... ማክሰኞ መጥታ ትቆጣኝ።