የእበት ሹም የሆንኩበት ዓመት

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ የመጀመሪያ ልጄ በተወለደችበት ክረምት ነው። ዛሬም ኩበት ሲጤስ በሸተተኝ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

በዚያ ዓመት መንግሥት በቀበሌያችን የባዮ ጋዝ ጉድጓድ አስቆፈረ። ከእበት እሳት ይወጣል፣ ዛፍ መቁረጥ ይቀራል ተባለ። እውነትም በገበሬ ማኅበሩ ቤት ሰማያዊ እሳት ሲነድ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉድጓዱ እንዳይራብ ግን ኩበት ጠፍጥፎ ማድረቅም፣ ወረታ ገበያ አውጥቶ መሸጥም ተከለከለ። አስፈጻሚ ማን ሆነ? እኔ! አንድ በሬ ያለኝ ሰው በአገሩ ሁሉ እበት ላይ ተሾምኩ። ኩራቴ! ዱላዬን እንኳ ቅቤ ቀባሁት።

ጎረቤቴ እማሆይ ብርቄ የቄስ ባልቴት ነበሩ፤ ኩበት ሸጠው ነው የሚያድሩት። ደጃቸው ላይ፣ ዝናብ እንዳይገባው በእርጥብ እበት የተለሰነ የኩበት ክምር ነበራቸው። አፈረስኩት።

«ተው ልጄ፣ ክረምቱን ምን ልታነድ ነው?» አሉኝ።

«መንግሥት ያነድልናል፣ እማሆይ።»

«ከጎርፉ ከቀደመ መልካም።»

አልቀደመም። ሐምሌ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው። ጉድጓዱ ውሃ ገባበት፣ ሰማያዊው እሳት ጠፋ። በዚያው ሳምንት ሚስቴ ወለደች። ቤቱ ርሷል፤ ለአራሷ አጥሚት ማፍያ የለም፤ ሕፃኗ ከብርዱ የተነሳ ማልቀስ እንኳ ትታለች። ወረታ ሮጥኩ። እንጨቱ ደን እንዳይመነጠር ተብሎ ኬላ ላይ ይወረሳል፤ ኩበቱን የከለከልኩት እኔው ነኝ። ገበያው ባዶ!

የቤቴን መዝጊያ ፈልጬ ላነድ መጥረቢያ እንዳነሳሁ፣ እማሆይ ውሃው ወገባቸው ደርሶ፣ በቁርበት የተጠቀለለ ሸክም አናታቸው ላይ ተሸክመው መጡ። ኩበት ነው። ለካ ጎተራቸው ውስጥ ከጤፉ ሥር ቀብረውት ኖሯል። ያንን ጎተራ እኔ ከፍቼ፣ ጤፉን አይቼ፣ «ንጹሕ ነው» ብዬ የከደንኩት ነው። ታላቁ ፈታሽ!

«ልትወርሰው ነው ወይስ ልታነደው?» አሉኝ።

መጥረቢያውን ጥዬ ሸክሙን ተቀበልኳቸው። እሳቱን ራሳቸው አያያዙት። ቤቱ ሲሞቅ ልጄ አለቀሰች።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፈርኩ፤ ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ብርድ መታቸውና መስከረም ሳይጠባ አረፉ። ያ ውሃ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቀው።

ባዮ ጋዙን አልጠላውም፤ ደግ ነገር ነበር። አዲሱ እሳት ሳይጸና አሮጌውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ጉድ ተናግሬያለሁ፤ ይቺን ግን እስካሁን አልደፈርኩም። «አባቴ፣ የባልቴት ኩበት አፍርሻለሁ» ብላቸው ይስቁ ይሆናል። ካልሳቁ ደግሞ የባሰ ነው።