የከፈተ ገዛ

መካኒኩን ሠፈሩ «ክብሪት» ያለው በከንቱ አይደለም፤ ሲነኩት ቦግ ነው። ሁለቴ የተሰበረ አፍንጫው ምስክር ነው። ለሚስቱ ግን አንጀቱ አይችልም። ታክሲ ነጂ ነበረች፤ አደጋ ግራ እግሯን ከወሰደባት ወዲህ ፍሪሲዮን የምትረግጥበት የላትም፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ ያለፈ ያገደመውን ሹፌር ስትሳደብ ትውላለች። ክብሪት አሮጌ መኪናዋን ፍሪሲዮን የማይፈልግ አውቶማቲክ ሊያደርግላት ማለ። ለዚያ ዘመን መኪና የሚሆን አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ የጠፋ ዕቃ ነው። ስንት ቦታ ዞሮ ያገኘው ካንድ አሮጌ ብረት ሻጭ ግቢ ነው።

ግቢው ሕግ አለው፦ የከፈተ ገዛ። ብሎን ከፈታህ ዕቃው ያንተ ነው፣ ሬሳ ቢሆንም።

«ዘይቱን እየው እስቲ፣ ወይን ጠጅ አይመስልም?» አለ ሻጩ።

ክብሪት ጣቱን ነክሮ አሸተተ። ዘይቱ አዲስ ነው፤ ከሥሩ ግን ያረረ ነገር ይሸታል። ታዲያ ሰው ትቶት አይሄድም? የት አባቱ! ቁልፍ መዘዘና የታችኛውን ክዳን ፈታው። ክዳኑ ውስጥ ብናኝ የሚለቅመው ማግኔት ላይ የብረት ብናኝ እንደ ጺም በቅሏል። ካምቢዮው ውስጡ አልቋል።

«ከፈትህ፣ ገዛህ» አለ ሻጩ እየሳቀ።

ሳቁን አልጨረሰም። ክብሪት ክዳኑን ከነዘይቱ ፊቱ ላይ ደፋበት። ሻጩ በዳበሳ ቁልፍ አንስቶ ቅንድቡን ተረተረው። ክብሪት በጭንቅላቱ ገጨው፤ ጥርስ ወለቀ። ተናንቀው ካምቢዮው የተጫነበት ጠረጴዛ ላይ ሲወድቁ የጠረጴዛው እግር ተሰበረና ካምቢዮው ተንሸራቶ የክብሪትን ቀኝ እጅ ከሲሚንቶው ጋር አጣበቀው። ጣቶቹ ሲሰባበሩ ተሰማ። ወይኔ እናቴ! ሻጩ ግን አልማረውም፤ ጎኑን በእርግጫ ይለው ጀመር።

አብራው የመጣችው ሚስቱ በግቢው በር ላይ፣ ሸራ በለበሰ ዕቃ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። በክራንቿ እየዘለለች ደረሰች። ሻጩን ከኋላ ጉልበቱን መታችው፤ ሲንበረከክ ትከሻው ላይ ደገመችለትና እሷም መቆሚያ አጥታ በላዩ ወደቀች። ከወደቀች ወዲያ ምን ትነሣለች? ደረቱ ላይ ተመቻችታ ክራንቹን አንገቱ ላይ አጋደመች።

«በር ላይ በሸራ የሸፈንከው ካምቢዮ ለማን ነው?»

«ለ... ለሌላ ገዢ።»

«ደህናው እሱ ነዋ! በል እሱን እንከፍተዋለን። ደህና ካልሆነ አንተን ነው የምከፍትህ።»

ተከፈተ። ማግኔቱ ላይ ከስስ ግራጫ አቧራ በቀር ምንም የለም። ሻጩ ደሙን እየተፋ ራሱ ጫነላቸው።

በማግስቱ ካምቢዮው ከመኪናዋ ሥር ተጋደመ። ክብሪት በጀሶ የታሰረ እጁን አቅፎ ደጁ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«በየትኛው እጄ ልግጠምልሽ? ንዴቴ እኔንም አንቺንም በላን!»

ሚስቱ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። በጀርባዋ ተኝታ እየተንፏቀቀች ከመኪናው ሥር ገባች።

«ተኝቶ ለሚሠራ ሥራ እግር ምን ያደርጋል? ይልቅ አፍህን ለቁም ነገር አውለው። የቱን ብሎን ነው አስቀድሜ የማስረው?»

ክብሪት አፍንጫውን በጀሶው ጠረገና በግራ እጁ ቁልፉን አቀበላት።