ጢማሞቹ ያተረፉት ቤት

ቤታችን ከአሸዋው ወንዝ ማዶ፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል ነው። የባለቤቴ አያት ባቡሩ በመጣ ዘመን በድንጋይና በኖራ የሠሩት፣ ባለ እንጨት በረንዳ ቤት። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ልጆቼን ያሳደግሁት እዚያው ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ረመዳን ሊገባ ሲል ግድግዳውን ኖራ መቀባት የቤቱ ልማድ ነበር። ስለዚህ በመንገዱ ላይ እንደኛ የነጣ ግድግዳ የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር አየውና መጣ። የጎረቤቴ ልጅ ነው።

«እማማ፣ አብዮቱ ግድግዳዎን መርጦታል።»

«ለምን?»

«ለመሪዎቹ ሥዕል።»

«በኛ ቤት የሰው ምስል አይሰቀልም።»

«መቼ ሰቀልን? እንሥላለን እንጂ። ደግሞ ከውጭ ነው።»

ሰዓሊው መጥቶ ሦስት ጢማም ፈረንጆች ሣለና ሄደ። ጨርቅ የምትሸጠው ሶማሌ ጎረቤቴ አይታ ሳቀች። «ወላሂ፣ ሸኾች መስለውኝ ሰላምታ ልሰጣቸው ነበር!»

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ግድግዳው በቂብላ በኩል ነው። እኔ ከውስጥ ስሰግድ፣ አላህ የለም የሚሉት ሦስቱ ከውጭ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። የሰፈራችንን ሸኽ ጠየቅኋቸው።

«ግድግዳው ወፍራም ነው?» አሉኝ።

«ክንድ ያህላል።»

«እንግዲያ ስገጂ።»

ሰገድኩ።

ከዓመት በኋላ ሊቀመንበሩ ተመልሶ መጣ። ከቤታችን አጠገብ ያለው የሰልፍ ሜዳ ሊሰፋ ነው፤ ቤቱ ይፈርሳል፤ ለእኔ የቀበሌ ቤት አንድ ክፍል ይሰጠኛል። ለመንኩት። «ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ነው፣ እማማ» አለ። ከዚያ ወዲያ ከዱዓ በቀር የቀረኝ አልነበረም።

በማፍረሻው ጠዋት ሠራተኞቹ ዶማቸውን ይዘው ከግድግዳው ፊት ቆሙ። የቆመ እንጂ የጀመረ የለም።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ሽማግሌው ሠራተኛ ወደ ሥዕሉ በአገጩ አመለከተ። «ጓድ፣ አንተ አስጀምረን።»

«ኖራ ቀቡበትና አፍርሱ!»

«ኖራውንስ ማን ይቀባል?»

ሁሉም እኔን አዩኝ። ኖራ ቀቢዋ እኔ ነኝ።

«እኔ በመሪዎች ፊት ላይ ኖራ አልደፋም» አልኩ። «ልጆች አሉኝ።»

ሊቀመንበሩ ዶማ ተቀበለ። ዶማውን አየ፤ ጢማሞቹን አየ፤ መንገዱ ላይ ቆሞ የሚያየውን ሕዝብ አየ። ከዚያ ዶማውን መልሶ፣ ከበላይ አካል ትእዛዝ አመጣለሁ ብሎ ሄደ።

የበላይ አካልም ሥዕሉ ይጥፋ የሚል ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው አላገኘም መሰለኝ። ሜዳው በወንዙ በኩል ሰፋ። ክረምት ላይ ጎርፍ ሲመጣ ሰልፈኛው ጫማውን በእጁ ይዞ «ወደፊት!» ይላል።

እኔም በበረንዳዬ ተቀምጬ አያለሁ። ምስጋናው የአላህ ብቻ ነው። ለሦስቱ ያደረግሁላቸው ነገር ቢኖር፣ በየረመዳኑ ኖራ ስቀባ ጢማቸውን እንዳልነካ መጠንቀቅ ነበር።