ከሐኪሞች ቦርድ የገዛሁት የልብ ሕመም

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው ባሕር ከተሻገሩት ሰዎች ሁሉ እንደ እኔ ጤነኛ የነበረ የለም። መኩራራቴ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ እየተኩራራሁ ነው። የጭነት መኪና ጎማ በአንድ እጄ አቅፌ በሌላው ሲጋራ የምለኩስ ሰው ነበርኩ። ከአገር የወጣሁ ዕለት ምሽት በአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ያየኝ ሰው ግን ይህን ቢነግሩት አያምንም፤ ምክንያቱም አንገቴን ደፍቼ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ባለቤቴ ጽጌ ከኋላ እየገፋችኝ ነው የደረስኩት። ከንፈሬን አመድ ነገር ቀብታኛለች። ገና ሳልሄድ ሬሳ አስመስላኝ ነበር።

ልጃችን ማርታ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሕመሙ የውሸት መሆኑን አልነገርናትም። ልጅ ምስጢር አይይዝም፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ከልጅ አፍ የወጣች አንዲት ቃል ቤት ታፈርስ ነበር። ስለዚህ የእውነቷን አለቀሰች። ወንበሩን ይዛ አለቅም አለች። የበሩ ጠባቂ ወታደር እሷን አይቶ ወረቀቴን እንኳ ሳይገልጥ አሳለፈኝ። ጽጌ ከዚያ በላይ መግባት አይፈቀድላትም ነበር፤ ጎንበስ ብላ "የማርታ አባት፣ አደራ፣ ቶሎ ውሰደን" አለችኝ በጆሮዬ። እንደታመመ ሰው ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ውስጥ ያለው ፈታሽ ሻንጣዬን ከፈተ።

"ምንህን ነው የሚያምህ፣ ጓድ?"

"ልቤን።"

"ይሄስ?"

"በርበሬ ነው።"

"ለልብ በርበሬ አይሆንም" ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው። ቀጥሎ የቅቤውን ቆርቆሮ ከፍቶ አሸተተ። "ይሄማ ጭራሽ ይገድልሃል።" እሱም ከበርበሬው አጠገብ ተቀመጠ። "ሽሮውን ያዝ፤ ሽሮ ቀላል ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። ልብ በሉ፣ አመስጋኙ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐኪም ዘንድ ቀርቤያለሁ፤ እንደዚያ ፈታሽ ለጤናዬ የተጨነቀ ግን አላጋጠመኝም።

ሕመሙን ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ። የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ጎማ በዚያ ጊዜ ከወርቅ በላይ ይፈለግ ነበር። አለቆቼ ጎማውን ይወስዳሉ፣ እኔ እፈርማለሁ። ስሙ "ለሥራ ወጪ ሆነ" ነው፤ ሥራው የት እንደሆነ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። አንድ ቀን ከላይ ቁጥጥር ይመጣል የሚል ወሬ ተሰማ። ወሳጆቹ ስም የላቸውም፤ ፊርማው ግን የእኔ ነው። "የኢኮኖሚ አሻጥር" ይባል ነበር ወንጀሉ። ዛሬ ለሚሰማው ሰው ያስቅ ይሆናል፤ ያኔ ግን ያ ቃል ከስሙ ጎን የተጻፈበት ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነበር፦ መጀመሪያ እኔ ልውጣ፣ ሥራ ልያዝ፣ ከዚያ ጽጌንና ማርታን ላስመጣ። ሌላ ሐሳብ አልነበረንም።

መውጣት በሕግ ክልክል ነበር ማለት ይቻላል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ሕጉን የሚያስከብረው ሰው ግን ቤቱ ስኳር አልቆበታል። በዚያች ቀዳዳ ነው ሁላችንም የሾለክነው። ከእኔ ቀድሞ የወጣ ሰው ወደ ጋሽ ደበበ መራኝ። ጋሽ ደበበ የአንድ ሆስፒታል መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ሸበቶ፣ ጨዋ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያሰሙ። "ይህ ሰው እዚህ አገር ሊታከም አይችልም" የሚለውን የሐኪሞች ቦርድ ደብዳቤ የሚያስወጡት እሳቸው ነበሩ።

"ምን ዓይነት ሕመም ነው የምትፈልገው?" አሉኝ፤ ልክ ጨርቅ እንደሚያስመርጥ ነጋዴ።

"ምን ምን አለ፣ ጋሼ?"

"ኩላሊት አለ። ኩላሊት ግን ሽንት ስጥ ይሉሃል፣ ይጋለጣል። ዓይን አለ። ዓይን ደግሞ መሪ ይፈልጋል፣ ብቻህን አያሳልፉህም።"

"እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይይዙ ነበር?"

"ልብ" አሉ፣ ምንም ሳያስቡ። "የሰውን ልብ ማን ያያል?"

ዋጋው ለመኪናቸው ጎማ ነበር። ከዚያው ከዕቃ ቤቴ አወጣሁላቸው። በስርቆት እንዳልከሰስ ፈርቼ ሰረቅሁ ማለት ነው።

ቦርዱ ፊት የቀረብኩ ዕለት መተላለፊያው ላይ የእውነት ሕመምተኞች ተደርድረው ነበር። እግራቸው እንደ እንስራ ያበጠ፣ ከትግራይ ለሕክምና የመጡ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ ስንት ጊዜ ተመላልሰው ተራ አልደረሳቸውም። የእኔ ስም ቀድሞ ሲጠራ ተነሥተው መንገድ ለቀቁልኝ። "ሂድ ልጄ፣ አንተ ገና ልጅ ነህ፣ እሱ ይማርህ" አሉኝ። ስለሳቸው ቀልድ የለኝም።

በቦርዱ ደብዳቤ የጋበዘኝና የሕክምናዬን ወጪ የሚችለው የጀርመን አገር በጎ አድራጎት ማኅበር ነበር። ፍራንክፈርት ስደርስ ወንበሩን ትቼ በእግሬ ውልቅ ልል አስቤ ነበር፤ እነሱ ግን አምቡላንስ ይዘው ጠበቁኝ። ሁለት ወጣቶች እንደ እንቁላል አቅፈው አስገቡኝ። ስሕተቴ የገባኝ ያኔ ነው። በእኛ አገር የዚህ ዓይነት ወረቀት ማለፊያ ነው፤ የጻፈውም የተቀበለውም ውሸት መሆኑን ያውቃሉ፣ ተያይተው ማኅተም ያደርጉበታል። እነዚህ ሰዎች ግን አነበቡት፤ አንብበውም አመኑት።

የመጀመሪያው ምርመራ ቀጠሮ ራሱ ለወራት ራቀ። ቀጠሮን "ቴርሚን" ይሉታል፤ ለመሞትም ቴርሚን ሳያስፈልግ አይቀርም። እስከዚያ ማኅበሩ አንዲት አሮጊት ቤት ጣራ ሥር ያለች ክፍል ተከራየልኝ። ፍራው ክሩገር ይባላሉ፤ ፍራው ወይዘሮ፣ ሄር ደግሞ አቶ ማለት ነው። ሽሮ በሠራሁ ማግሥት በሬን አንኳኩ።

"ሄር ታደሰ፣ ትናንት ምን ነበር የተቃጠለው?"

"እራቴ ነው።"

"ልብዎ ታማሚ እንደሆነ ነግረውኛል። እዚህ ቤት ውስጥ የመሞት ሐሳብ አለዎት?"

"ለጊዜው የለኝም።"

"ምናልባት ከሆነ፣ እሑድ እንዳይሆን። እሑድ በዚህ ሕንፃ ጸጥታ ነው።"

ደግ ሴት ነበሩ፣ አትሳቁባቸው። ደረጃ ስወጣ ከላይ ሆነው ያዳምጡኛል፤ ስለዚህ ጤነኛው ሰውዬ በየፎቁ ቆሜ አለከልካለሁ። የአገሩ ዳቦ ጥቁርና ጎምዛዛ ነው፤ እንጀራን ለመምሰል ፈልጎ ድፍረት ያጣ ይመስላል። ሰማዩም እንደኛ ሐምሌ ደንፍቶ፣ ዘንቦ፣ የሚወጣለት አይደለም። አኩርፎ ይከርማል እንጂ አይናገርም።

አንድ ግሪክ ምግብ ቤት ሳህን ለማጠብ ሊቀጥረኝ ፈቀደ። የሥራ ፈቃድ ልጠይቅ ወደ ውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ሄር ባውም ፋይሌን ገለጡ።

"እርስዎ የልብ ሕመምተኛ ነዎት። ሥራ ሊሠሩ አይችሉም።"

"ደኅና ነኝ እኮ፣ ጌታዬ።"

"ደኅና ከሆኑ ደግሞ የመጡት ለሕክምና ስለሆነ ወደ አገርዎ ይመለሳሉ።"

"ከደኅና ትንሽ አነስ ብልስ?"

ሳይስቁ አዩኝ። "ያንን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።"

ከዚህ አገር የምትደንቀኝ ነገር ይህች ነች፤ ሲያባርሩህ እንኳ በ"እርስዎ" ነው። የእኛ ካድሬ ሻይ ሲጋብዝህም "አንተ" ነበር የሚልህ።

የሀገር ልጆች "ፖለቲካ ነው በልና ጥገኝነት ጠይቅ" አሉኝ። ብጠይቅ እዚያ የቀሩት ጽጌና ማርታ ይጠየቃሉ። ደግሞም እኔን የሚያሳድደኝ ጎማ ነው፤ በቀበሌ ስብሰባ ከሁሉ ቀድሜ የማጨበጭብ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ግማሽ ጤንነት ነበር። ልቡ ታማሚ ነው፣ መመለስ አይችልም፣ ሳህን ማጠብ ግን ይችላል የሚል ደብዳቤ። ያንን የሚጽፈው ሐኪሙ ነው። ሐኪም ደግሞ ሰው ነው። ሰውን እንዴት እንደሚያናግሩት እኔ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩት ይህንኑ ነው።

የምርመራው ቀን ሲደርስ ጋቢዬን አጥቤ፣ አጣጥፌ ይዤ ሄድኩ። ጽጌ ጥጡን ራሷ የፈተለችው ጋቢ ነው፤ ከዚያ የከበረ ነገር አልነበረኝም። ሐኪሙ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መነጽራም ሰው ናቸው። ሲመረምሩኝ ቆይተው ልብሴን ስለብስ ጋቢውን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩና በተሰባበረው ጀርመንኛዬ "ሚስት አለኝ፣ ልጅ አለኝ፣ ሥራ፣ ትንሽ ሥራ" አልኩ። ጋቢውን ዘረጉት፣ ዳሰሱት፣ ፊታቸው በራ። "ዳንከ፣ ዳንከ ሼን" ብለው አመሰገኑና እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይህን እንዴት ይተረጉመዋል? የተቀበለ እጅ የፈረመ እጅ ነው። የማይሆን ከሆነ "ኧረ ግድ የለም፣ ይቅር" ይልሃል፣ አንተም ሌላ በር ታንኳኳለህ። ወስዶ ዝም የሚል ሰው በአገሬ ከነበረም ስሙ ከሌባ ይከፋ ነበር።

በዚያው ቀን ስልክ ደወልኩ። ቤታችን ስልክ አልነበረም፤ ቦሌ ሰፈራችን ባለው በጋሽ ሙዘይን ሱቅ ነው የምንደዋወለው። ጋሽ ሙዘይን ጽጌን አስጠሩልኝ።

"አልቋል" አልኳት። "ሐኪሙ ተቀብሎኛል።"

"ምኑን ነው የተቀበለህ?"

"ጋቢውን። መሸኛሽን ከቀበሌ አውጪ፣ ተዘጋጂ።"

 "እርግጠኛ ነህ?" አለች።

"ጽጌ፣ ሰውየው እጄን በሁለት እጁ ነው የጨበጠኝ።"

ሄደች። የቀበሌ ቤት ሳያስረክቡ መሸኛ አይሰጥም ነበር። ሊቀመንበራችን አንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ለመፈረም ወር የሚያመላልስ ሰው ነው፤ የቤቱን ቁልፍ ግን ምሳ ሳይደርስ ተቀበላት፤ ሳይመሽም የእህቱ ልጅ ዕቃዋን አስገባች። ጽጌ ማርታን ይዛ ጎሮ፣ አክስቷ ዘንድ ገባች። ያኔ ጎሮ የጤፍ ማሳ ነው፤ መብራት የለም፣ ታክሲ የለም፣ የማርታ ትምህርት ቤት የት እንደቀረ አስቡት። "ለጥቂት ሳምንት ነው" ብላለች ለአክስቷ።

የሐኪሙ ደብዳቤ ሄር ባውም ጋ ደረሰ። ሲያነቡት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

"ፎልኮመን ገዙንት። ፍጹም ጤነኛ። እንኳን ደስ አለዎት፣ ሄር ታደሰ። ሐኪሙ እንደዚህ ዓይነት ልብ ብዙም አላየሁም ብለው ጽፈዋል።"

"ሌላስ ምን ይላል?"

"ሌላ ምንም አይልም። የመጡበት ጉዳይ አልቋል።"

ከዚያ ቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ያለ ቴርሚን። ጋቢው የተጠባባቂዎች ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ጥለቱ በደንብ እንዲታይ ተደርጎ ተሰቅሏል።

"ዶክተር፣ ጋቢውን ተቀብለዋል አይደል?"

"በጣም ነው የወደድነው። ባለቤቴም አይታዋለች።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን?"

ምን ብዬ ላስረዳቸው? ሚስቴን፣ ልጄን፣ ቤቱን፣ ግማሹን ጤንነት፣ በእጄም በአፌም አስረዳሁ። ቀስ በቀስ ገባቸው። ከአንገታቸው ጀምረው እስከ ግንባራቸው ቀሉ። ተነሥተው ወደ ተጠባባቂዎቹ ክፍል ወጡና፣ ወንበር ላይ ቆመው፣ ሚስማሩን ነቅለው ጋቢውን አወረዱት። እንደ እኛ ሴቶች አጣጥፈው ሁለት እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ዓይኔን ማየት አልቻሉም። በሕይወቴ ስንት ነገር ለስንት ሰው ሰጥቻለሁ፤ ጉቦ መሆኑን በግልጽ ያየሁት ግን ያን ዕለት፣ ሲመለስልኝ ነው።

አልተባረርኩም፣ አልተፈቀደልኝምም። "ዱልዱንግ" የሚባል ወረቀት ሰጡኝ፤ ትርጉሙ "ለጊዜው ችለንሃል" ማለት ነው። በየጊዜው ይታደሳል። ቤተሰብ ማስመጣት ግን አይፈቅድም።

ጽጌ ከጎሮ በእግሯ መጥታ ጋሽ ሙዘይን ሱቅ ስልኬን ስትጠብቅ ነበር።

"መሸኛው ደርሷል" አለች። "መቼ ነው የምንመጣው?"

"ትንሽ ይቆያል።"

"ለምን? ሐኪሙ ምን አለ?"

ፍጹም ጤነኛ ነህ አለኝ፣ ጋቢሽንም መለሰልኝ፣ ቤታችንን ያሳጣሁሽ በከንቱ ነው ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"ልቤ የእውነት ታሟል አለ" አልኳት።

 "አይዞህ፤ ስለ እኛ አታስብ፣ አንተ ብቻ ዳን" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ማርታን ይዛ ከጎሮ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም በእግሯ ትሄድ ጀመር። እስክድን ድረስ ሥጋ ላትቀምስ ተስላልኝ ነበር። በደወልኩ ቁጥር "እንዴት አደረ ልብህ?" ትለኝ ነበር፤ እኔም "ዛሬ ይሻለኛል" እላት ነበር። ልቤ ምንም አልሆነም። ምንም ሆኖ አያውቅም። ይህንን እስካሁን አልነገርኳትም።