የዋትሴ አሥራ ሰባት ሰዓት

በሰሜኗ ከተማችን በሌውዋርደን ዋትሴን ክፉ ሰው ነው የሚል አይገኝም። ክፋትም እኮ ወኔ ይፈልጋል! ጎረቤቴ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ኖረናል። ወተት ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን አላረፈደም፣ የሰው አጥር አልነካም፣ የማንንም እንቅልፍ አልረበሸም። ሲሞት መቃብሩ ላይ የሚጻፍለት ይኸው ነው። እሱ ራሱ ግን የሚኮራው በሌላ ነገር ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ሚስቱን ሂልቼንና ልጁን ዪልዱን መኪና ውስጥ ጭኖ ከሌውዋርደን ባርሴሎና ድረስ፣ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ፣ በአንድ ቀን ይነዳል።

ለምን? እንጃለት። እዚያ ደርሶ የሚሠራው ነገር የለውም። ባርሴሎና እራት መብላት የምትጀምረው እሱ የሌሊት ልብሱን ሲለብስ ነው። ባሕሩ ዳር ዓሣው ሲጠበስ እሱ ከአገሩ ጭኖት የሄደውን አሥራ ሁለት ኪሎ ድንች ይቀቅላል። «የእነሱ ድንች ውሃ ውሃ ይላል» ባይ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ቀምሶት አያውቅም። በዓሉ መንገዱ ነው። አምና የፈጀበት አሥራ ሰባት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ነው፤ ይህን ቁጥር ከልጁ የልደት ቀን አብልጦ ያስታውሰዋል። ዘንድሮ ከአሥራ ሰባት በታች ሊገባ ምሏል።

የሂልቼ ታላቅ እህት ሲትስኬ ፈረንሳይ አግብታ ዲዦን ትኖራለች። ቤቷ ከአውራ ጎዳናው አሥር ደቂቃ ቢርቅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በደጇ አልፈዋል። ሲሄዱ «ስንመለስ» ይላል ዋትሴ፤ ሲመለሱ ደግሞ የመልሱም ሰዓት ይቆጠራል። ዘንድሮ ግን ሲትስኬ ጉበቷን ታማለች፤ ሐኪሞቹ መኸሩን አታየውም ብለዋል። ሂልቼ እህቷ ከልጅነቷ የምትወደውን ባለ ስኳር ዳቦ ጋገረች። ቀጠሮም ያዘች፦ ዘጠኝ ሰዓት፣ ለቡና፣ ለአንድ ሰዓት። አዎ፣ እኛ ዘንድ እህት እህቷን ለማየት ቀጠሮ ትይዛለች። ወጥ ቤት ግድግዳው ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፋል፤ ያልተጻፈ እንግዳ ከሌባ አይለይም። ዋትሴ ሲጻፍ አይቶ ዝም አለ። ዝምታውን እሺታ አድርጋ መውሰዷ ነው የሂልቼ ጥፋት።

ጎህ ሳይቀድ አሥር ሰዓት ላይ ተነሡ። ሉክሰምበርግ እስኪያልፉ ውሃ መጠጣት ክልክል ነው። ምሳ ለነፍስ ወከፍ ሁለት ቁራጭ ዳቦ በአይብ፣ መኪናው ሳይቆም። መንገዱ ባዶ ሆነለትና የዲዦን መውጫ በሰባት ሰዓት ከሩብ ብቅ አለ።

«ይኸውልህ፣ ወደ ቀኝ ያዝ» አለች ሂልቼ።

«ቀጠሮው ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«አሁንስ ስንት ነው?»

«ቀድመን ብንደርስ ምናለበት?»

«ሳይጠሩሽ ሰው ቤት ዘው ትያለሽ? የታመመ ሰው ምሳ ይበላል፣ ይተኛል። ነውር ነው።»

«እህቴ ናት እኮ ዋትሴ!»

«እህትሽማ ናት። ቀጠሮው ግን ዘጠኝ ነው።»

«እሺ፣ ደጇ ላይ ቆመን እንጠብቃ።»

«ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ? ከአምናው አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀድሜ ነው የመጣሁት፣ ሂልቼ! አሥራ ሁለት!»

ዪልዱ ከኋላ፣ «አባዬ፣ ሞትስ ቀጠሮ ያስይዛል እንዴ?» አለችው።

«አንቺ አርፈሽ ቀበቶሽን እሰሪ።»

መውጫው አለፈ።

ልብ በሉልኝ፤ አልተሳደበም፣ አልጮኸም። ጨካኝ ነው ብትሉኝ እንኳ እኔ አልልም፤ ጨካኝ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። ይህ ሰው ሊሞት የተቃረበ ሰው ላለመረበሽ ተጨንቆ ነው ያለፈው! ጨዋነቱን እንደ ካፖርት ደርቦ፣ ከሥር ያለውን ባዶነት ከራሱም ደብቆታል። እንዲህ ያለ ጨዋነት ይቅርብኝ።

ሂልቼ አርባ ኪሎ ሜትር ሙሉ ለእህቷ የጋገረችውን ዳቦ ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። ነዳጅ ማደያ ሲቆሙ ዳቦዋንና ቦርሳዋን ይዛ ወረደች።

«ሽንት ቤት ከሆነ ሁለት ደቂቃ አለሽ» አላት።

«ሽንት ቤት አይደለም። አንተ ሂድ፣ እንዳይረፍድብህ።»

«ሰው እያየን ነው፣ ሂልቼ።»

«ይየና!»

ዪልዱም ሻንጣዋን እየጎተተች ወረደች። የሲትስኬ ባል እንዲመጣላቸው ደወሉ። ሰው የሆነ ሰው እዚህ ላይ የመኪናውን ቁልፍ ነቅሎ ይከተላል። ዋትሴ ሰዓቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ። ነድቶ ሄደ።

ሲትስኬ ፊቷ ቢጫ ሆኖ በሩን ተደግፋ ጠበቀቻቸው። «ገና ዘጠኝ አልሞላም» አለች።

«ልመለስ?» አለች ሂልቼ፣ እንባዋ እየወረደ።

«ግቢ፣ አንቺ አህያ። አሥራ አንድ ዓመት ነው ያረፈድሽው።»

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ጮኸ። ዋትሴ ነው። «አሥራ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ደቂቃ!» አለ። ስለ ሲትስኬ ይጠይቅ ይሆን ብላ ሂልቼ ጠበቀች። «ስሚ፣» አለ ቀጥሎ፣ «የድንቹ መላጫ የት ነው የተቀመጠው?»

«ከነልጣጩ ብላው» ብላ ዘጋችበት።

ሦስት ሳምንት ከእህቷ አልጋ አጠገብ ቆየች። ሲትስኬ መስከረም መጀመሪያ ላይ አረፈች። ዋትሴ ዛሬም መንገዳችን ላይ ለሚያገኘው ሁሉ የዘንድሮውን ሰዓት ይናገራል፤ ማደያው ላይ በሚስቱ ምክንያት ሰባት ደቂቃ መባከኑንም ሳይጨምር አያልፍም። ሰዎቹም ራሳቸውን ይነቀንቁለታል፣ አብረውት ይቆጫሉ።

ለሲትስኬ ቀብር ግን በሰዓቱ ደርሷል። ቀን መቁጠሪያው ላይ ተጽፎ ነበራ።